ተፈታቺ ደጋን ቡሎኑ እምቢ ሲል፦ መፈተሽ፣ መጠገን፣ መግጠም

ኮምቦልቻ ወዳለው ቶርኖ ቤቴ ተፈታቺ ደጋን፣ ማለትም ክንፎቹ ከእጀታው የሚፈቱ የፍላጻ መወርወሪያ፣ ይዘው የሚመጡ ልጆች እየበዙ ነው። አብዛኞቹ ደጋኑን ያገኙት ዘመድ ከውጭ ልኮላቸው ነው። ችግራቸውም አንድ ዓይነት ነው፦ ክንፉን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ይጠፋል፣ ከመለዋወጫ ሱቅ «ያንኑ የሚመስል» ይገዛል፣ ሁለት ዙር ገብቶ ሲቆም በፒንሳ ይጠመዘዛል። በዚያን ጊዜ የሚበላሸው ቡሎኑ ሳይሆን ቡሎኑ የሚገባበት ጥርስ ነው። ቡሎን በጥቂት ብር ይገኛል፤ እጀታ ግን እዚህ አገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ። በተለይ ደረጃ 3ን አትዝለሉ።

አጠራር እንስማማ

መሃል ላይ በእጅ የሚያዘው ክፍል ራይዘር ይባላል፤ እዚህ «እጀታ» እለዋለሁ። ከላይና ከታች የሚገጠሙት ሁለቱ ተለጣጭ ክፍሎች ሊምብ ይባላሉ፤ እኔ «ክንፍ» ነው የምላቸው። «አውታር» ስል የሚሳበውን ክር፣ «ፍላጻ» ስል የሚወረወረውን ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ደጋናችሁን ለዩ

ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ፤ ጥገናቸው ይለያያል።

ባለ ቡሎን፦ ክንፉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ቡሎኑ በቀዳዳው አልፎ እጀታው ውስጥ ይጠመዘዛል። አጠገቡ ክንፉ እንዳይዞር የምትይዝ ትንሽ ፒን ትኖራለች። እጀታው ብዙውን ጊዜ እንጨት ነው፤ ቡሎኑ የሚይዘው ግን እንጨቱን ሳይሆን እንጨቱ ውስጥ የተቀበረ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው የናስ ቀለበት ነው።

አይ ኤል ኤፍ (ILF፣ የክንፍ ማያያዣ ዓለም አቀፍ ልክ)፦ የክንፉ ጫፍ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነው፣ ከቡሎኑ ጭንቅላት ሥር ይገባል፣ ከዚያ «ቀጭ» ብሎ ይይዛል። ቡሎኑ ሁልጊዜ እጀታው ላይ ይቀራል። እጀታው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው።

ከደረጃ 1 እስከ 3 ያለው ለሁለቱም ነው። ደረጃ 4 እና 5 ለባለ ቡሎኑ፣ ደረጃ 6 ለአይ ኤል ኤፍ ነው። ከደረጃ 7 ጀምሮ እንደገና ለሁለቱም ይሆናል።

የምታዘጋጁት

- ሚሊሜትር ያለበት ማስመሪያ (ካሊፐር ከተገኘ ይሻላል)
- አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሕክምና አልኮል
- ጥቂት ግራሶ፣ አንድ ሻማ
- ነጭ ጨርቅ ወይም ሳህን፦ ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ለመደርደር
- የዐይን መከላከያ መነጽር
- የእጀታው ቡሎን አለንኪ የሚፈልግ ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር

ፒንሳ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከጎናችሁ ካለ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ደረጃ 1፦ አውታሩን አውርዱ

አውታር የተወጠረበት ደጋን ላይ የክንፍ ቡሎን አትፍቱ፤ ሩብ ዙር እንኳ ቢሆን። ክንፎቹ ተለጥጠው ቡሎኑን በኃይል እየሳቡት ነው፤ ጥርሱ ከለቀቀ ክንፉ ተፈናጥሮ ፊት ላይ ያርፋል።

አውታሩን ለማውረድና ለመስቀል ለዚሁ የተሠራውን ባለ ሁለት ኪስ ገመድ ተጠቀሙ። በእግር ተሻግሮ ጭን ላይ ማጠፍ ክንፉን ያጣምማል፣ ቡሎኑንም ወደ ጎን ይጫነዋል።

*ቡሎኑ ላልቶ ካያችሁት ግን አውታሩ እንደተወጠረ ከሆነ፦* አትሳቡ፣ አታጥብቁም። መነጽር አድርጉ፣ ፊታችሁን ከክንፎቹ መስመር አውጡ፣ በገመዱ አውታሩን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ማጥበቁ ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ 2፦ ፍቱና አጽዱ

ቡሎኑን አውጡና (አይ ኤል ኤፍ ከሆነ መጀመሪያ ደረጃ 6 ላይ ያለችውን መቆለፊያ አላሉ) ሮንዴላዎቹን በወጡበት ተራ ነጩ ጨርቅ ላይ ደርድሩ። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሡ። የላይኛውንና የታችኛውን ክንፍ ቡሎን አታደባልቁ።

የቡሎኑን ጥርስ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። አልኮል የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ የናሱን ቀዳዳ አጽዱ። ክንፉና እጀታው የሚገናኙበትን ገጽ ከልባችሁ ጥረጉት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ከተቀመጠች ክንፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ እናንተም ቡሎኑን ትከስሳላችሁ። ገራዶ ሜዳ ላይ መሬት አስቀምጦ መገጣጠም የለመደ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ነጠላ ወይም ጆንያ አንጥፋችሁ ሥሩ።

አሁን ጥርሱን በብርሃን እዩት። እዚህ አንድ ነገር ላስረግጥ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከደሴ በሚኒባስ ሐረጎን ወርዶ መጣ። «ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው፤ አንዴ በፒንሳ ልበለው?» አለኝ። «ተው ልጄ፣ እስቲ መልሰህ አውጣው» አልኩት። ሲወጣ በቡሎኑ ጥርስ መሃል ቢጫ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ተሞልቶ ነበር። ያ ብናኝ ከናሱ ላይ የተላጠው ጥርስ ነው። ቡሎናችሁ ላይ ቢጫ ብናኝ ካያችሁ ሥራውን አቁሙ፤ ያስገባችሁት ቡሎን የዚያ ቀዳዳ ቡሎን አይደለም፣ ወይም ጠምሞ ገብቷል።

ደረጃ 3፦ ቡሎኑን ለኩ

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ደጋኖች ቡሎናቸው በኢንች የተሠራ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በየሳጥኑ የሚገኘው ግን ሜትሪክ (በሚሊሜትር የተሠራ) ነው፤ የጭነት መኪናውም የሚኒባሱም ቡሎን እሱ ነውና። 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊሜትር ነው። ኤም 8 ደግሞ 8 ሚሊሜትር። በዐይን አይለዩም፣ በእጅ አይለዩም፣ በካሊፐር ውፍረታቸውን ብቻ ብትለኩም ትሳሳታላችሁ። የሚለያቸው የጥርሱ ርቀት ነው።

እንዲህ ለኩ፦

1. ያልተበላሸውን ቡሎን (የሌላኛውን ክንፍ) ማስመሪያ ላይ አስተኙት።
2. አንዱን የጥርስ ጫፍ ዜሮ ላይ አድርጉ። እሱን ሳትቆጥሩ ቀጥሎ ያሉትን 10 ጫፎች ቁጠሩ።
3. አሥረኛው ጫፍ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንዳረፈ አንብቡ። ጥርሱ አጭር ከሆነ 5 ቁጠሩና በሁለት አባዙ።

ንባቡ የሚላችሁ፦

- ውፍረቱ ወደ 8፣ ንባቡ 12.5 ሚሜ፦ ኤም 8፤ ሱቅ የሚሸጠው ይሆናል
- ውፍረቱ ወደ 8፣ ንባቡ 14.1 ሚሜ፦ 5/16 ኢንች፣ በኢንች 18 ጥርስ
- ውፍረቱ ወደ 8፣ ንባቡ 10.6 ሚሜ፦ 5/16 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ
- ውፍረቱ ወደ 6፣ ንባቡ 10 ሚሜ፦ ኤም 6
- ውፍረቱ ከ6 ትንሽ በለጥ፣ ንባቡ 12.7 ሚሜ፦ 1/4 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ

ኤም 8ን በ5/16 ቀዳዳ ብታስገቡት አንድ ሁለት ዙር ይሄዳል፣ ከዚያ ይከብዳል። ልጆቹ «ዝገት ነው» ብለው የሚገፉት እዚያ ጋ ነው። ዝገት አይደለም፤ የብረቱ ጥርስ የናሱን ጥርስ መቁረጥ ጀምሯል።

ሱቅ ስትሄዱ የቡሎኑን ጭንቅላት እዩ። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ካለው ሜትሪክ ነው። ከመሃል ወደ ዳር የተሰመሩ ሦስት ወይም ስድስት ጭረቶች ካሉት የኢንች ነው። የኢንች ቡሎን ጨርሶ አይገኝም የሚሉ አሉ፤ ይገኛል። የአሮጌ ላንድሮቨርና የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ዕቃ ወደሚፈታታ ሰው ሂዱና ሳጥኑን አስከፍቱ። ካጣችሁ ቶርኖ ቤት ናሙናውን ይዛችሁ ሂዱና አስወጡ። የተበላሸውን ሳይሆን ደህነኛውን ነው ናሙና የምታደርጉት።

ርዝመቱን አትርሱ። ከመጀመሪያው የረዘመ ቡሎን ክንፉን ሳይጫን የቀዳዳውን መጨረሻ ይነካል፤ እጃችሁ ጠብቋል ይላችኋል፣ ክንፉ ግን ላልቷል። ያጠረ ደግሞ የሚይዘው ጥርስ ያንሰዋል። 8 ሚሜ ቡሎን ናሱ ውስጥ ቢያንስ 8፣ ቢቻል 12 ሚሜ መግባት አለበት።

*ሁለቱም ቡሎኖች ከጠፉ፦* እጀታው ላይ የሚዛን ዘንግ የሚታሰርበት ቀዳዳ ካለ እሱ በተለምዶ 5/16 ባለ 24 ጥርስ ነው። የገዛችሁት ቡሎን በጣት ብቻ እዚያ ተንሸራትቶ ከገባ ዓይነቱን ዐወቃችሁ ማለት ነው። የክንፉ ቀዳዳ ግን የግድ እሱን አይመስልም፤ እሱንም ለብቻው በጣት ሞክሩት።

ደረጃ 4፦ በጣት አስገቡ (ባለ ቡሎን)

ክንፉን ሳትገጥሙ ቡሎኑን ብቻ ቀዳዳው ላይ አቁሙ። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መፍቻው አቅጣጫ አዙሩት። የጥርሶቹ መጀመሪያ ሲገናኝ «ጠቅ» ብሎ ትንሽ ሲወርድ ይሰማችኋል። ያን ጊዜ ወደ ቀኝ አዙሩ። በሁለት ጣት እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት።

ከሄደ አውጡት፣ ጥርሱ ላይ ስስ ግራሶ ቀቡ፣ ክንፉን ፒኗ ላይ አስቀምጡ፣ ሮንዴላዎቹን በተራቸው መልሱ፣ በእጅ አጥብቁ። ጭንቅላቱ በጣት የሚዞር ከሆነ የጣት ኃይል ይበቃዋል። አለንኪ የሚፈልግ ከሆነ አጭሩን ክንድ ይዛችሁ እስኪቆም ድረስ ብቻ።

*ካልሄደ፦* አውጡ፣ አጽዱ፣ እንደገና ሞክሩ። ሦስት ጊዜ ካልሄደ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ዓይነቱ ትክክል ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ብቻ ከተጎዱ ቶርኖ ቤት በዚያው ልክ ጥርስ ማውጫ ቀስ አድርጎ ያስተካክለዋል። ቡሎን እየገፋችሁ ራሳችሁ ጥርስ አታውጡ።

*ቡሎኑ ገብቶ አልወጣ ካለ፦* ክንፉን በፌስታል ሸፍኑ። ከቡሎኑ ሥር ሁለት ጠብታ ደብሊውዲ 40 አድርጉና አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ የጋለ የብየዳ ካውያ ጫፍ የቡሎኑ ጭንቅላት ላይ ብቻ አሳርፉ፤ ሙቀቱ ወደ ክንፉ ከመዝለቁ በፊት አንሡና ሞክሩ። እሳት፣ ላይተር፣ የጋዝ ነበልባል አታስጠጉ። ክንፉ በማጣበቂያ የተደራረበ ነው፤ ከሞቀ ይላቀቃል።

ደረጃ 5፦ ናሱ አብሮ ሲዞር

ቡሎኑን ስታዞሩ ማለቂያ የለውም፣ አይጠብቅም አይላላም። የናሱ ቀለበት ከእንጨቱ ተላቋል። አብሽሩ፤ እጀታው አበቃለት ማለት አይደለም። ግን በዚህ ሁኔታ አንድ ፍላጻ እንኳ አትወርውሩበት።

1. ቡሎኑ ላይ ሁለት ዳዶ አስገቡና እርስ በርስ አጥብቋቸው። ቡሎኑን ናሱ ውስጥ እስኪቆም አስገቡ፤ በዳዶው ይዛችሁ ወደ ግራ እያዞራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ናሱ ይወጣል።
2. ቀዳዳውን በባትሪ እዩ። እንጨቱ ላይ ከቀዳዳው የተነሣ ስንጥቅ ካለ እዚህ አቁሙ። የተሰነጠቀ እጀታ በማጣበቂያ ተይዞ አይሳብም።
3. ስንጥቅ ከሌለ አሮጌውን ማጣበቂያ ፈቅፍቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ። በላምባ ወይም በናፍጣ አትጠቡት፤ ቅባቱ እንጨቱ ውስጥ ይቀርና ማጣበቂያ አይዝም።
4. የናሱን ውጪ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በጣት አትንኩት።
5. የቡሎኑን ጥርስ ሻማ ቀቡ፤ ማጣበቂያው ጥርሱ ውስጥ ቢገባ እንዳይቆልፈው።
6. ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ቀላቅሉ፤ በ24 ሰዓት የሚደርቀውን። ባለ 5 ደቂቃው አይሆንም፣ ሱፐር ግሉም አይሆንም። የቀዳዳውን ግድግዳና የናሱን ውጪ በስሱ ቀቡ። ከታች ብዙ ካከማቻችሁ ናሱን ወደ ላይ ይገፋዋል።
7. ናሱን አስገቡ። አፉ ከእንጨቱ ገጽ ጋር እኩል ወይም ከፀጉር ውፍረት ባልበለጠ ዝቅ ይበል። ብቅ ካለ ክንፉ አይተኛም።
8. ክንፉና እጀታው መካከል ፌስታል አድርጉ፣ ለቡሎኑ ብሱት፣ ክንፉን ግጠሙና በጣት ብቻ አጥብቁ። ክንፉ ራሱ ናሱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይህችን ዘዴ ከማወቄ በፊት በዐይን አቆም ነበር፤ አንዱ ጠምሞ ደርቆብኝ እንደገና መፍታት ነበረብኝ።
9. ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ቡሎኑን ትንሽ አላሉና መልሱ፤ ያልተጣበቀ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ።
10. ተዉት። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ 24 ሰዓት ይበቃል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ማጣበቂያው ይዘገያል፣ 48 ሰዓት ስጡት። አንድ እጀታ ደሴ ላይ በሐምሌ አጣብቄ በማግሥቱ ስስበው ናሱ እንደገና ዞረ፤ ዳሩ ደርቆ ውስጡ ገና ለስላሳ ነበር።

የናሱ የውስጥ ጥርስ ጨርሶ ከተላጠ ማጣበቅ ትርፍ ድካም ነው። አውጥታችሁ ለቶርኖ ቤት ስጡ፤ ከናስ ዘንግ አዲስ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ አይ ኤል ኤፍ

መጀመሪያ መቆለፊያውን ፈልጉ። ብዙ እጀታዎች ላይ ዋናውን ቡሎን የምትይዝ ትንሽ ቡሎን በጀርባ ወይም በመሃሉ አለች። እሷን ሳታላሉ ዋናውን ማዞር ሁለቱንም ያበላሻል።

አለንኪው ልክ መሆን አለበት። 1/4 ኢንች ማለት 6.35 ሚሜ ነው፤ 6 ቁጥር ብትጠቀሙ ይላወሳል፣ ጠርዙን ይበላል፣ ከዚያ ምንም አይፈታውም።

ቡሎኑን ቀስ ብላችሁ እስኪቆም አጥብቁ፣ ከዚያ የላዩንም የታቹንም እኩል 2 ዙር መልሱ። ከዚህ ተነሡ። ከእጀታው ጋር የመጣው ወረቀት ከሚፈቅደው በላይ አታላሉ፤ የቀረው ጥርስ ክንፉን አይችለውም። ስትጨርሱ መቆለፊያዋን አጥብቁ።

*ክንፉ «ቀጭ» ካላለ፦* ክንፉ ላይ ያለችውን በሞላ የምትገፋ ፒን በአውራ ጣት ተጫኗት። ገብታ ካልተመለሰች አቧራ ይዟታል፤ በአልኮል እጠቡ፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ስጡ። ሞላዋ ከደከመ ትቀየር።

*ሹካው ከቡሎኑ ሥር ካልገባ፦* ቡሎኑ በጣም ወርዷል፤ ግማሽ ዙር መልሱ። በመዶሻ አትርዱት።

*አውታር ሳይሰቀል ክንፉ ከተወዛወዘ፦* ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ ጤነኛ ነው፤ አውታሩ ሲወጠር ይቆማል። ወደ ጎን ከተጫወተ ግን የክንፉ ማስገቢያ ወይም የእጀታው ቦይ ተበልቷል።

ደረጃ 7፦ አውታሩን ስቀሉና መርምሩ

በገመዱ ስቀሉ። ከዚያ፦

ክንፉና እጀታው የሚገናኙበት ላይ ቀጭን ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ካልገባ አውርዱና ደረጃ 2ን ድገሙ።

ደጋኑን ወንበር ጀርባ ላይ አስደግፉ፣ ከኋላ ቁሙ፣ አንድ ዐይን ጨፍኑ። አውታሩ የሁለቱንም ክንፍ መሃል መክፈል አለበት። ወደ ጎን ከሄደ መጀመሪያ ቆሻሻ፣ ቀጥሎ የፒኗን ቀዳዳ፣ በመጨረሻ የክንፉን መጣመም ጠርጥሩ።

እጀታው ከክንፉ ጋር ከሚገናኝበት እስከ አውታሩ ያለውን ርቀት በላይም በታችም ለኩ። የላዩ እኩል ወይም እስከ 6 ሚሜ ቢበልጥ ደህና ነው። የታቹ ከበለጠ ክንፎቹ ተገላብጠው ተገጥመው ሊሆን ይችላል፤ ደጋኑ በስንት ፓውንድ ኃይል እንደሚሳብ የሚናገረው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በታችኛው ክንፍ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለ ቡሎን ደጋን «እንዲቀል» ብላችሁ ቡሎኑን አታላሉ። ማላላት የሚቻለው አይ ኤል ኤፍ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ድምፅ

ስትስቡ «ሲጥ» ካለ ክንፉና እጀታው መካከል አቧራ አለ። ስትለቁ «ጠርር» ካለ የላላ ነገር አለ፤ ከክንፉ ቡሎን በፊት ማነጣጠሪያውንና የፍላጻ ማረፊያውን ነካ ነካ አድርጉ። ድምፁ «ጧ» የሚል አንድ ጊዜ ከሆነ አቁሙ፣ አውርዱ፣ ክንፉን በጥጥ ዳብሱት። ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ስንጥቅ አለ።

ደረጃ 9፦ ሙከራ

መነጽር አድርጉ። ከፊታችሁ ሰው የማያልፍበት፣ ከኋላው ግንብ ወይም የአፈር ክምር ያለበት ቦታ ቁሙ። ያለ ፍላጻ ሩብ ሳቡና ቀስ ብላችሁ መልሱ። ግማሽ፣ መልሱ። ሙሉ፣ መልሱ። አውታሩን ያለ ፍላጻ ፈጽሞ አትልቀቁ።

ከዚያ ከ5 ሜትር ሦስት ፍላጻ ወርውሩ። አውታሩን አውርዱና ቡሎኑን በጣት ፈትሹ። ከተንቀሳቀሰ አጥብቁና ሦስቱን ድገሙ። ካልተንቀሳቀሰ ሃያ ወርውሩና እንደገና ፈትሹ።

በሚኒባስ ስትጓዙ ደጋኑን ፈትታችሁ ያዙ፤ ቡሎኖቹንና ሮንዴላዎቹን ክዳን ባለው ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሉ። ቆርቆሮው ላይ የለካችሁትን ቁጥር በማርከር ጻፉበት፦ ውፍረቱን፣ የ10 ጥርስ ርቀቱን፣ ርዝመቱን። ትርፍ ቡሎን ስታስወጡም ሁለት አስወጡ።